አዋሽ ፓርክ ሄጄ አንበሳ ሳላይ ተመለስኩ፤ ገደሉ ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለ

ቅዳሜ_ከሰዓት

ሰላም ወገን። ይሄን የምጽፈው ግማሹን ተናድጄ ግማሹን ተገርሜ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሄድን። ሰባት ሰው፣ አንድ ሚኒባስ፣ እና "አንበሳ ሳታዩ አትመለሱም" ብሎ አፉን የሞላ አስጎብኚ። ስሙን አልጠራም። አንበሳ የለም። ሳላ (ያ ቀንዱ ረጅምና ቀጥ ያለው የሜዳ እንስሳ) አየን፣ አራት፣ እነሱም በጣም ርቀው ሙቀቱ ውስጥ እንደ ውሃ እየተንቀጠቀጡ። ሁለት ከርከሮ ጅራታቸውን እንደ አንቴና አቁመው ሮጡ። አንዲት ሰጎን። የቀረው ላምና ግመል ነው። ለላም ለላም ሰንዳፋ አይበቃም ነበር? እያልን ተሳሳቅን።

ከዛ ወደ ገደሉ ወሰደን። ሜዳው ዝርግ ነው፤ ሳርና እሾህ፣ ምንም የሚያስጠነቅቅህ ነገር የለም። እየተራመድክ ሳለ ድንገት መሬቱ ያልቃል። ታች አዋሽ፣ ወተት የበዛበት ሻይ መስሎ፣ ከጥቁር ድንጋይ ግድግዳ መሃል እየተጣጠፈ ይሄዳል። ጥልቀቱ መቶ ሃምሳ ሜትር ገደማ ነው አሉን። ጥንብ አንሳ አየሁ፣ ግን ከበታቼ ነው የሚበረው። የወፍ ጀርባ ከላይ አይቼ አላውቅም ነበር። ሰባታችንም ዝም አልን፤ ይሄ ለኛ ብርቅ ነው።

አስጎብኚው "ይሄ ገደል ነው" አለ። በቃ! ከዛ ምሳ።

እስቲ የምታውቁ ሰዎች ንገሩኝ። ይሄ ገደል ምንድነው? ውስጡስ ምን ይኖራል? እንስሳቱስ የት ገቡ?

የጅቡቲ_መስመር

እንስሳቱ የት እንደገቡ እኔን ጠይቀኝ ወንድሜ። በወር ሦስቴ አራቴ በመሃላቸው አልፋለሁ። አስፋልቱ ፓርኩን ለሁለት ነው የሚሰነጥቀው፦ በዚህ ኢላላ ሳላ ሜዳና ወንዙ፣ በዚያ ፈንታሌ ተራራ። የሀገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ በአብዛኛው በዚህ መስመር ነው የሚሄደው፤ ነዳጁ፣ ስንዴው፣ ማዳበሪያው፣ ያንተም ስልክ ጭምር።

ማታ ስትነዳ እንስሳ አታይም፣ ዓይን ነው የምታየው። ሁለት አረንጓዴ ነጥብ። ቀበሮ ይሁን ፍየል የምታውቀው ሲጠጋ ነው። ሙሉ ጭነት ከነተሳቢው ይዘህ ፍሬን ብትረግጥ ተሳቢው ቀድሞህ ይመጣል። አንድ ሌሊት እንሹ ገባችብኝ፣ ያቺ ጥንቸል የምታክለዋ ሚዳቋ። ወርጄ አየኋት። ሌላዋ ዳር ላይ ቆማ ነበር፤ ጥንድ ጥንድ ነው የሚኖሩት። መብራቴን እያየች አልሸሸችም። ከዛ ሌሊት ወዲህ መተሐራን ካለፍኩ አዋሽ ድልድይ እስክደርስ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው፤ ከኋላዬ ያሉት ጥሩምባ ይንፉ።

ሰባት_ኪሎ_ያደገ

@ቅዳሜ_ከሰዓት፣ ልጄ፣ አትናደድ። አንበሳ የለም ማለት ሳይሆን፣ አንበሳ በቀትር ሚኒባስ ሊቀበል አይወጣም። እኔ አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው ያደግኩት፤ ለብዙ ዓመት እንግዳ ይዤ እዚያው ገደል አፋፍ ስቆም ኖሬያለሁ። የጠየቅከው ጥያቄ ግን አስደስቶኛል፤ አብዛኛው ሰው ፎቶ ተነስቶ ነው የሚሄደው።

መጀመሪያ ስሙ። እኛ ሁሉንም "ሸለቆ" እንላለን። "የአዋሽ ሸለቆ" ስትል ግን የእርሻ ሰው ከቆቃ እስከ አሳይታ ያለውን ተፋሰስ ነው የሚረዳህ፣ የጂኦሎጂ ሰው ደግሞ ስምጥ ሸለቆን ያመጣብሃል። ስለዚህ እኛ ገደሉን ገደል ነው የምንለው።

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ባሕር አይደርስም። ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ያልቃል። ፓርኩ ጋ ሲደርስ ደቡባዊ ድንበሩን ይዞ ይወርዳል። ከፏፏቴው በላይ ከሜዳው እኩል የሚሄድ ሰላማዊ ወንዝ ነው፣ ዳሩ በሾላና በግራር የተሸፈነ። ፏፏቴው ላይ ይዘላል፣ ከዛ በኋላ ገደል ውስጥ ነው። ፏፏቴው የገደሉ በር ነው ብትል ትክክል ነህ።

ድንጋዩ የእሳተ ገሞራ ነው። ፈንታሌ፣ ያ 2,007 ሜትር ተራራ፣ ከ170 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ፈንድቶ ትኩስ አመዱን በሜዳው ላይ ሲያነጥፍ፣ አመዱ ከሙቀቱ የተነሳ ተጣብቆ ድንጋይ ሆነ። አንዳንድ ቦታ ድንጋዩ እንደ እንጀራ ዓይን አብጦ ቀርቷል፤ ሰው የሚገባበት ዋሻ የሚያህል እብጠት አለ። ከመተሐራ ወጣ ስትሉ መንገድ ዳር ያያችሁት ከሰል የመሰለ ጥቁር ድንጋይ ደግሞ የትናንት ልጅ ነው። በፈረንጅ 1800ዎቹ መጀመሪያ የፈሰሰ።

ፓርኩ በፈረንጅ 1966 ተቋቋመ፣ በ1969 በአዋጅ ጸደቀ። ከሰሜን ተራሮች ጋር የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። 756 ካሬ ኪሎ ሜትር። ሰፊ ይመስላል። ሰፊው ሜዳ ግን ዛሬ ከብትም ሰውም መንገድም የሚጋፋበት ነው። ገደሉን ያዳነው ቁልቁለቱ ነው። ማን ያርሰዋል? ማን ከብት ያወርድበታል? ለዚህ ነው እኔ እንግዳ ሲመጣ ከሳላው በፊት ገደሉን የማሳየው። ለዘበኛ ያላስቸገረ የፓርኩ ክፍል እሱ ነው።

ሾላ_ሥር

ጋሼ ሰባት ኪሎ ጥሩ አስረዱ፣ ግን ዋናውን ረሱት፣ ወይ ለኔ ተዉልኝ። ዝንጀሮዎቹ!

ባዮሎጂ ነው የተማርኩት። የአዋሽ ፏፏቴ በዓለም ላይ ዝንጀሮ የሚያጠኑ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ቦታ መሆኑን ያወቅኩት ከመጽሐፍ ነው፣ ያውም ሦስተኛ ዓመት ሆኜ፣ አዳማ ተወልጄ። አላሳፈረኝም አልልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፏፏቴው በላይ ባለው የወንዝ ዳር ጫካ አኑቢስ የሚባለው ዝንጀሮ ይኖራል። ቡናማ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ፊቱ ጥቁር፣ ዛፍ ላይ የሚያድር። ከፏፏቴው በታች፣ ገደሉ ውስጥ፣ ሐማድርያስ አለ። ወንዱ ብርማ ጎፈር ያለው፣ ፊቱ ሮዝ፣ የገደል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚያድር። ፏፏቴው አካባቢና ከሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ ሁለቱ ይገናኛሉ፣ ይዋለዳሉ። ዲቃሎቹ መሃል ቤት ናቸው፤ ጎፈራቸው ያልጨረሰ፣ ፊታቸው ያልለየለት።

የሚገርመው መልካቸው ብቻ አይደለም፣ ኑሯቸው ነው። አኑቢስ ሴቶች ተወልደው ባደጉበት መንጋ ይኖራሉ፣ ከወደዱት ወንድ ጋር ይሆናሉ፣ የሚሄደው ወንዱ ነው። ሐማድርያስ ግን አንዱ ወንድ ጥቂት ሴቶች ይይዛል፤ አንዷ ራቅ ካለች ሮጦ ማጅራቷን ይነክሳታል፣ ተከትላው ትመለሳለች። ሃንስ ኩመር የሚባል የስዊስ ተመራማሪ በፈረንጅ 1960ዎቹ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ አኑቢስ ሴቶችን ወስዶ ሐማድርያስ መንጋ ውስጥ ለቀቃቸው። በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ መከተል ተማሩ። አንድ ሰዓት! ከ1970ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ጄን ፊሊፕስ-ኮንሮይና ክሊፎርድ ጆሊ አዋሽ ፓርክ ለዓመታት እየተመላለሱ ዝንጀሮዎቹን እያደነዘዙ ለኩ፣ ደም ወሰዱ፣ ለቀቁ።

ለምን ፏፏቴው ላይ ተለዩ? ፏፏቴው አጥር ሆኖ አይደለም፣ ዝንጀሮ ዞሮ ያልፈዋል። ከላይ ውሃ፣ ጥላ፣ ፍሬ ስላለ ትልቅ መንጋ አንድ ላይ ይበላል። ከታች ደረቅ ነው፣ ምግቡ ጥቂት ጥቂት ሆኖ የተበተነ፣ ማደሪያው ግን ሞልቷል፣ ገደል። ስለዚህ ቀን በትንሹ ተበትነህ ትለቅማለህ፣ ማታ ተሰብስበህ ግድግዳ ላይ ታድራለህ። ሐማድርያስ ለዚህ ነው የተሠራው።

ቅዳሜ_ከሰዓት

ቆይ ቆይ። ፏፏቴው ጋ ዝንጀሮ አይተናል! አንዱ የጓደኛዬን ብስኩት ነጥቆ ሄዷል። አስጎብኚው "ዝንጀሮ ነው" አለ 😂

ሾላ_ሥር

ብስኩቱን የበላው ዲቃላ ከሆነ ጓደኛህ ለሳይንስ አስተዋጽኦ አድርጓል። ግን እባካችሁ አትስጧቸው፣ መስኮትም ዝጉ። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ዝንጀሮ መጨረሻው አያምርም።

ፒያሳ_በጠዋት

እኔ ግን ልናገር። ይሄ ሁሉ ሳይንስ ጥሩ ነው፣ ከብት የሞላበት ፓርክ ግን ፓርክ አይደለም። ኬንያ ሄጃለሁ። እዚያ ላም አየሁ? አላየሁም። ሕግ ሕግ ነው። ከብቱ ይውጣ፣ ነገሩ ያልቃል።

ፈንታሌ_ግርጌ

@ፒያሳ_በጠዋት ወዴት ይውጣ?

እኔ ከረዩ ነኝ፣ እዚሁ ፈንታሌ ዙሪያ ከብት የሚያረባው ኦሮሞ። አያቴ ከብቱን በጋ በጋ ወደ አዋሽ ዳር ያወርድ ነበር፣ ክረምት ሲገባ ወደ ሜዳውና ወደ ተራራው ይመልሰው ነበር። በጋው ላይ ወንዙ ዳር ያለው ሳር ነው ሕይወታችን። በፈረንጅ 1960ዎቹ መጨረሻ በአንድ በኩል ሸንኮራ አገዳው መጣ፣ በሌላ በኩል ፓርኩ መጣ። ሁለቱም የያዙት ያንኑ የበጋ ሳር ነው። አገዳው መሃል ከብት አይገባም። ፓርኩ ውስጥም አይገባም። ተራራው ላይ በጋ ሳር የለም። ካርታው ላይ ስታየው ቀላል ነው፤ ጥር ላይ የከሳች ላም ይዘህ አስፋልቱ ዳር ስትቆም ግን ሌላ ነው።

ስለ ሳላ ደግሞ፣ ሳላን የጨረሰ ከብት ጠባቂ ብቻ አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ፣ በመንግሥት ለውጡ ጊዜ ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ተኩሷል። እኛ ልጅ ሆነን ሳላና ከብት አንድ ሜዳ ላይ ሲበሉ አይተናል። ኬንያም ቢሆን ማሳይ ከብቱን ይዞ ከዱር እንስሳ ጋር የሚኖርበት ሰፊ መሬት አለ፤ አንተ የሄድከው በሩን ከፍለህ የገባህበት ጋ ብቻ ነው።

ፒያሳ_በጠዋት

እሺ ወንድሜ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ግን አሁንም እላለሁ፣ ሁሉም ከገባ ሳሩ ለማንም አይተርፍም። ላሟም ትከሳለች ሳላውም ይሄዳል።

ፈንታሌ_ግርጌ

በዚህስ እንስማማለን። ሳሩ እያነሰ ነው። ላም ብቻ አይደለም የጨረሰው፣ ያ እሾህም አለ። ፕሮሶፒስ። በረሃ ያቁም ተብሎ በደርግ ጊዜ የተተከለ ነው፣ አፋሮች "ደርጊ ሃራ" ይሉታል፣ የደርግ ዛፍ። ከብትና ግመል ፍሬውን ይበላል፣ ፍሬው ሆዱ ውስጥ አይፈጭም፣ በሄደበት ይዘራዋል። አንዴ ከያዘ ሥሩ ሳር አያበቅልም። ቆርጠህ ትሄዳለህ፣ ከጉቶው በእጥፍ ይወጣል። አያቴ ስም አልነበረውም ለዚህ ዛፍ።

ሰባት_ኪሎ_ያደገ

ፈንታሌ ግርጌ እውነቱን ነው። እኔም ከፓርኩ ጎን ቆሜ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ፣ ግን ከረዩን "ወራሪ" እያሉ ለእንግዳ ሲያስረዱ አፌን ይዤ ነበር የምሰማው። ከነሱ ወጣቶች እኮ ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ የሆኑ አሉ። ቀን ጠመንጃ ይዞ ከብት ያስወጣል፣ ማታ የወንድሙ ከብት ነው። ይሄን ኑሮ ማን ይቀናበታል?

የታገሠ ሰው አሁንም ያያል። አምባራይሌ፣ ያ ትንሹ አጋዘን፣ ቁጥቋጦው ውስጥ አለ፣ ቀጥ ብሎ ከቆመ አጠገቡ አልፈህ አታየውም። ሜዳው ላይ ኮሪ የሚባለው ትልቅ ወፍ ቀስ እያለ ሲራመድ ጀርባው ላይ ቀይ ንብ በል ወፍ ተቀምጣ ትሄዳለች። ኮሪው ሲራመድ ፌንጣው ይነሳል፣ እሷ ብድግ ብላ ትቀልብና ተመልሳ ጀርባው ላይ። ታክሲ በሉት። ቆርኬም ነበረን፤ በፈረንጅ 1970ዎቹ ከሰንቀሌ፣ ከቆርኬዎቹ መጠለያ፣ በመኪና አምጥተው ለቀቁት። አልቆየም።

የአገዳ_ልጅ

ከቨርጂኒያ ነው የምጽፈው። መተሐራ ስኳር ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ነው ያደግኩት፣ አባቴ መካኒክ ነበር። ሞላሰስ ሽታ እስከ ዛሬ ካሸተተኝ እንባዬ ይመጣል። ስለዚህ ፈንታሌ ግርጌ የጻፈው ልቤን ነክቶታል፣ ያ አገዳ እኛን አሳድጎናል እሱን ደግሞ አስወጥቶታል።

እኔ ውሃውን ልጨምር። ሁላችሁም ስለ ገደሉ ስታወሩ ውሃው እንዲሁ የሚመጣ መሰላችሁ። በፈረንጅ 1960 ቆቃ ግድብ ተሠራ፣ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ። ከዛ ወዲህ አዋሽ በሰው እጅ የሚከፈትና የሚዘጋ ወንዝ ነው። ድሮ በበጋ የሚኮሰምን በክረምት የሚያብድ ነበር፤ አሁን በበጋም ለመብራትና ለአገዳ ተብሎ ይለቀቃል፣ ክረምቱም ተቆርጦለታል። ስለዚህ ያ ፏፏቴ ላይ ቆማችሁ "ተፈጥሮ" ስትሉ ከላይ ቫልቭ የያዘ ሰው አለ።

ሌላው በሰቃ ነው። ልጅ ሆኜ ትንሽ ሐይቅ ነበረች፣ አባቴ "ይቺ ኩሬ" ነበር የሚላት። በፈረንጅ 1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበረች፤ ዛሬ ከ40 በላይ። አንዳንድ የሀገሪቱ ሐይቅ ሲደርቅ እሷ ትሰፋለች! ውሃዋ ጨዋማ ነው፣ ለአገዳም ለከብትም አይሆንም። ባቡር ሐዲዱንና አስፋልቱን አስቸግራለች። ከመጠን ሲያልፍ ቦይ ተቆፍሮ በልክ ወደ አዋሽ ይቀላቀላል፣ ማለትም በገደሉ በኩል ያልፋል።

ቅዳሜ_ከሰዓት

እትዬ የአገዳ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ መተሐራ ላይ ሽንኩርት ስንገዛ ማንም አልነገረንም። ሐይቁን አይተን "ዋው" ብለን ፎቶ አንስተን ነው ያለፍነው።

ሾላ_ሥር

የአዲስ አበባ ሰዎችም ነፃ አይደላችሁም። ቀበና አቃቂ ወንዝ ይገባል፣ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዛ አዋሽ። ቀበና ድልድይ ላይ ቆማችሁ የጣላችሁት ሃይላንድ ቆቃ ላይ ካልቀረ መንገዱ ወደዚያው ነው።

የጅቡቲ_መስመር

ስለ መሬት መንቀጥቀጡስ? በ2017 ታኅሣሥ ላይ አዋሽ ውስጥ ካቢኔ ውስጥ ተኝቼ መኪናው እንደ ሕፃን አልጋ ተወዛወዘ። ሰው አንቀጠቀጠኝ ብዬ ዱላ ይዤ ወረድኩ። ሰው የለም። ውሻ ብቻ ይጮሃል።

ሰባት_ኪሎ_ያደገ

እኛም ውጪ ነበር የምናድረው። ከ2017 መስከረም ጀምሮ ነው የጀመረው፣ ታኅሣሥ 26 ደግሞ አንዱ ከ5.5 በላይ ሆኖ አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ አናወጠ። በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መሃል መሬት ተሰነጠቀ፣ ዱለቻ ወረዳ በኩል እንፋሎትና ጭቃ ወጣ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ወጣ። ታች ውስጥ ቅልጥ ዓለቱ መንገድ እየፈለገ ነው ያሉት። ያ ገደል እንዴት ተሠራ ብለህ የጠየቅከው ልጅ፣ ሥራው አላለቀም፣ መልሱ ይሄው ነው። ገደሉ ጋ ከሄዳችሁ አፋፉ ላይ አትቀመጡ፣ የላላ ድንጋይ አለ። እግር አንጠልጥሎ ፎቶ የሚባለውን ተዉት።

ቅዳሜ_ከሰዓት

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው። ተመልሼ ሄድኩ። ያለ አስጎብኚው። ጋሼ ሰባት ኪሎ በውስጥ መስመር እንደነገሩኝ ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስቼ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ከስካውቱ ጋር ገደሉ ጋ ደረስኩ።

መጀመሪያ ምንም የለም፣ ጨለማና የወንዙ ድምፅ። ከዛ ማዶ ያለው ግድግዳ ቀስ እያለ ሲነጋ፣ ድንጋይ ነው ያልኩት ነገር ተንቀሳቀሰ። ከዛ ሌላው። ግድግዳው ሙሉ ዝንጀሮ ነው! እናቶች ልጅ አቅፈው ጠባብ ጠርዝ ላይ፣ አንዱ ላይ አንዱ። ብርማ ጎፈር ያለው አንዱ ተነሳ፣ ተንጠራራ፣ አዛጋ። ስካውቱ "አሁን ቆጠራ ነው" አለኝ። እውነትም ዞር ብሎ አያቸው፣ አንዷ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር፣ ሮጦ ማጅራቷን ያዛት። ጩኸቷ ገደሉን ሞላው። ከዛ ተከትላው ወጣች። @ሾላ_ሥር የጻፍሽውን ባላነብ ኖሮ "ዝንጀሮ ተጣላ" ብዬ ነበር የማልፈው።

አንበሳ? የለም። ግን ሌሊት ሲያገሳ ሰምቻለሁ፣ ወይ ሰጎን ነው። ስካውቱ ሳቀብኝ፤ ሰጎንም እንደሱ ይጮሃል አለ።

ፏፏቴው ጋ ደግሞ አንድ ግራ የገባኝ አየሁ። ቡናማ ነው፣ ግን ጎፈር ቢጤ አለው። ዲቃላ ነው አይደል?

ሾላ_ሥር

ፊቱ?

ቅዳሜ_ከሰዓት

ወደ ጥቁር ያደላል… መሰለኝ። ፀሐይ በዓይኔ ነበር።

ሾላ_ሥር

መቀመጫውስ? ሐማድርያስ ሮዝ ነው፣ አኑቢስ ግራጫ። ጅራቱስ ከሥሩ የተሰበረ ይመስላል ወይስ ዝም ብሎ የጎበጠ? የተሰበረ ከመሰለ አኑቢስ ነው።

ቅዳሜ_ከሰዓት

እህቴ፣ እኔ ፊት ለፊት ነው ያየሁት። ብስኩት ስፈልግ ዞሬ ሳይ ሄዷል።

ሾላ_ሥር

ብስኩት???

ቅዳሜ_ከሰዓት

ለራሴ ነው! ለራሴ!